የፋርስኛ ማስታወቂያን ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ተርጓሚ እንዴት ይመረጣል?

አንድ የቤት ዕቃ አምራች በፋርስኛ ካታሎጉ ሽፋን ላይ «ባ ማ፣ ኻኔዬ ሾማ ጃን ሚጊራድ» ብሎ ጻፈ እንበል። በአማርኛ «ከእኛ ጋር ቤትዎ ነፍስ ይዘራል» እንደማለት ነው። ቃል በቃል የሚሄድ ተርጓሚ ይህን «ዩር ሆም ቴክስ ላይፍ» ብሎ ያስቀምጠዋል። «ጃን» ነፍስ ነው፣ «ሚጊራድ» ይወስዳል ነው፤ መዝገበ ቃላቱ አልዋሸም። እንግሊዝኛ አንባቢ ግን ከዚያ ዓረፍተ ነገር የሚረዳው «ቤትዎ ነፍስ ያጠፋል» የሚል ነው። መሆን የነበረበት «ካምስ ቱ ላይፍ» ነበር። ልዩነቱ ሁለት ትንንሽ ቃላት፣ ኪሳራው አንድ ሙሉ ካታሎግ።

ይህን የጻፈው ሰው ፋርስኛውን አሳምሮ ያውቅ ይሆናል። የጎደለው የእንግሊዝኛ ጆሮ ነው። ስለዚህ ፍለጋው ሲጀመር ጥያቄው «ማን ፋርስኛ ያውቃል?» ከሆነ መንገዱ ገና ከመነሻው ይጠማል። ለውል፣ ለልደት የምስክር ወረቀት፣ ለፍርድ ቤት ሰነድ ትክክለኛነት ብቻ ይበቃል። ለማስታወቂያ የሚያስፈልገው በእንግሊዝኛ መሸጥ የሚችል፣ ፋርስኛን ደግሞ እስከ ሥሩ የሚያነብ ጸሐፊ ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ሁሉ የሚያገለግለው ያንን ሰው ለማግኘት ነው።

1. መጀመሪያ፣ የትኛው ፋርስኛ ነው?

ቋንቋው ሦስት መልክ አለው። የኢራኑ በተለምዶ ፋርሲ ይባላል፤ የአፍጋኒስታኑ ዳሪ ነው፤ የታጂኪስታኑ ታጂክ ሲሆን የሚጻፈው በሲሪሊክ ፊደል ነው። የተማሩ ተናጋሪዎች እርስ በርስ ይግባባሉ፤ ማስታወቂያ ላይ ግን ልዩነቱ ቶሎ ይወጣል። ዩኒቨርሲቲ በኢራን «ዳኔሽጋህ»፣ በአፍጋኒስታን «ፖሀንቱን» ነው። ሆስፒታል በኢራን «ቢማሬስታን»፣ በአፍጋኒስታን «ሸፋኻና»። የወራት ስሞችም ይለያያሉ፤ ኢራን «ፋርቫርዲን» የምትለውን ወር አፍጋኒስታን «ሐመል» ትለዋለች። የቴህራን ወጣቶች በኢንስታግራም የሚጽፉትን የንግግር ቋንቋ ደግሞ ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው በትክክል ላያነበው ይችላል። «ሚኻሃም» (እፈልጋለሁ) በንግግር «ሚኻም» ይሆናል፤ እንዲህ ያለው እጥረት በየቃሉ አለ።

ጽሑፉ ከየት አገር እንደመጣ፣ በመጽሐፍ ቋንቋ ይሁን በንግግር፣ በአንድ መስመር ጻፉት። እንግሊዝኛውም አንድ አይደለም፤ አንባቢው ለንደን ይሁን ሎስ አንጀለስ ከአሁኑ ይወሰን። ፊደል አጻጻፉ፣ የዋጋ አገላለጹ፣ ቀልዱ ሁሉ በዚያ ይመራል።

2. ማስረከቢያ ሰነዱን አዘጋጁ

ብዙ ጊዜ ትርጉም የሚበላሸው ተርጓሚ ከመገኘቱ በፊት ነው። በፒዲኤፍ ብቻ የተላከ የፋርስኛ ጽሑፍ ሲገለበጥ ፊደሎቹ ይለያያሉ፣ ወይም የቃላቱ ቅደም ተከተል ተገልብጦ ይወጣል። ከዲዛይነሩ ዋናውን የወርድ ወይም የኢንዲዛይን ፋይል ተቀበሉ። ምስል ላይ የተጻፈ ነገር ካለ ተለቅሞ ለብቻው ይተየብ።

ከፋይሉ ጋር የሚሄድ የአንድ ገጽ መግለጫ አዘጋጁ። በዚያ ገጽ ላይ መቅረት የሌለባቸው፦

- ጽሑፉ የት እንደሚወጣ (ድረ ገጽ፣ ብሮሸር፣ ኢሜይል፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ልጥፍ) እና አንባቢው ምን እንዲያደርግ እንደሚፈለግ፤ ይግዛ፣ ይደውል ወይስ ይመዝገብ።
- የርዕስና የአዝራር ጽሑፎች የቦታ ገደብ፣ በፊደል ብዛት።
- በላቲን ፊደል የተመዘገቡ ስሞች ሁሉ፦ የድርጅቱ፣ የምርቶቹ፣ የሰዎቹ።
- ምስክርነት የሰጡ ደንበኞች ጾታ።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ትንሽ ማብራሪያ ይሻሉ። ፋርስኛ አጫጭር አናባቢዎችን አይጽፍም። በሦስት ተነባቢ ብቻ የተጻፈ አንድ ቃል «ኬሬም» ተብሎ ቢነበብ የቆዳ ክሬም፣ «ኬርም» ቢባል ትል፣ «ከረም» ቢባል ቸርነት ነው። ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲሆን ዐውዱ ይፈታዋል፤ የምርት ስም ሲሆን ግን ዐውድ የለም፣ ተርጓሚው መገመት ብቻ ነው የሚችለው። ስሙ በንግድ ምልክት ምዝገባ ላይ ወይም በድረ ገጹ አድራሻ ላይ እንዴት እንደተጻፈ አይታችሁ ስጡት። ጾታን በተመለከተ ደግሞ ፋርስኛ «እሱ» እና «እሷ» ብሎ አይለይም፤ ሁለቱም «ኡ» ናቸው። የደንበኛ ምስክርነት ላይ ወንዱን «ሺ» (እሷ) ያለ ትርጉም ከታተመ በኋላ የሚቆጣው ደንበኛው ራሱ ነው።

3. የት ይፈለጋል?

ስትፈልጉ «ፐርሺያን» እና «ፋርሲ» የሚሉትን ሁለቱንም ቃላት ሞክሩ፤ አንዳንዱ ማውጫ በአንዱ፣ አንዳንዱ በሌላው ነው የሚመዘግበው። ዳሪ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ይሰፍራል።

ጥሩ መነሻ የሚሆኑት የሙያ ማኅበራት ማውጫዎች ናቸው፦ የአሜሪካ ተርጓሚዎች ማኅበር፣ በብሪታንያ የትርጉምና የአስተርጓሚነት ኢንስቲትዩት እና ቻርተርድ የቋንቋ ባለሙያዎች ኢንስቲትዩት፣ በአውስትራሊያ ደግሞ ተርጓሚዎችን ፈትኖ የሚያረጋግጠው ናቲ፤ ናቲ ፋርስኛንና ዳሪን እንደተለያዩ ቋንቋዎች ቆጥሮ ይፈትናል። ፕሮዝ የተባለው ድረ ገጽ ብዙ ፍሪላንሰር የሚገኝበት ነው፤ እዚያ ሥራ በይፋ ከመለጠፍ ይልቅ መገለጫዎችን እያነበባችሁ ለአምስት ወይም ስድስት ሰው በግል ብትጽፉ ይሻላል። በይፋ የተለጠፈ ሥራ በአንድ ቀን ብዙ ማመልከቻ ያመጣል፣ አብዛኛው ደግሞ መግለጫችሁን ያላነበበ ነው።

ኤጀንሲ ከመረጣችሁ አይኤስኦ 17100 የሚለውን መለኪያ ያሟላ እንደሆነ ጠይቁ። ይህ በ2015 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ደረጃ ትርጉሙን ከተርጓሚው ሌላ ሁለተኛ ሰው ከዋናው ጋር አስተያይቶ እንዲያርመው ያስገድዳል። የጽሑፉን ውበት ግን አያረጋግጥም፤ ስለዚህ «የሚተረጉመው ማን ነው? ከዚህ በፊት የጻፈውን ላይ?» ብሎ መጠየቅ አይቅር። የተርጓሚውን ማንነት ጨርሶ ከማይነግር ኤጀንሲ ጋር የማስታወቂያ ሥራ ባትጀምሩ ይመረጣል።

ኢራን ውስጥ «ሞታርጄሜ ራስሚ» የሚባሉ ከፍትሕ አካሉ ፈቃድ ያላቸው ተርጓሚዎች አሉ። ማኅተማቸው ለዲፕሎማና ለጋብቻ ወረቀት ነው የሚሠራው። ለማስታወቂያ መፈክር ማኅተም ምንም አይጨምርም፤ ይህን ብቃት አድርጎ የሚያቀርብ ሰው ሥራውን በሌላ መንገድ ያሳይ።

የሚፈለገው ሰው የአፍ መፍቻ ቋንቋው እንግሊዝኛ የሆነ ወይም በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገር ያደገ ነው የሚለው የሙያው ልማድ በአብዛኛው ልክ ነው። ሆኖም ከፋርስኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚሠሩ እንዲህ ያሉ ሰዎች ጥቂት ናቸው። ሁለተኛው አማራጭ ጥምር ነው፤ ጎበዝ ፋርስኛ ተናጋሪ ተርጓሚ ይመልሰዋል፣ የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ጸሐፊ ደግሞ አጠገቡ ሆኖ እየጠየቀ ያቃናዋል። ዋጋው ከፍ ይላል እንጂ ውጤቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ መካከለኛ ተርጓሚ ይበልጣል። ሁለቱ እርስ በርስ ሳይነጋገሩ ከሠሩ ግን ጸሐፊው ያልገባውን ሁሉ በሚያምር ውሸት ይሞላዋል።

4. ከሙከራው በፊት የሚጣሩ

ከእያንዳንዱ እጩ የታተመ የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ሥራ ጠይቁ፤ ሊንክ ወይም ፋይል። የግጥም ትርጉም፣ የሕክምና ሰነድ፣ የዜና ሥራ ችሎታ ያሳያል፣ መሸጥ መቻልን ግን አያሳይም። ናሙናውን ፋርስኛውን ሳታዩ አንብቡት። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ «ይህ ከሌላ ቋንቋ የመጣ ነው» ካስባላችሁ ደህና ሁን በሉት።

የመጀመሪያው የኢሜይል መልስም ብዙ ይናገራል። ጥያቄ የሚጠይቅ (አንባቢው ማን ነው? መፈክሩ በንግድ ምልክትነት ተመዝግቧል? ዋጋዎቹ በቶማን ናቸው በሪያል?) ሰው ሥራውን ያውቀዋል። «በቀን 6,000 ቃል አደርሳለሁ» የሚል ከሆነ ወይ በማሽን ነው የሚሠራው፣ ወይ አያነበውም። ተራ ጽሑፍ የሚሠራ ተርጓሚ በቀን 2,000 ቃል ገደማ ይወጣለታል፤ ማስታወቂያ ሲሆን ከ1,000 እስከ 1,500 ቢደርስ ጤናማ ነው። መፈክር በቃል አይቆጠርም፤ አምስት ቃል ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል።

5. የሙከራ ትርጉም

ጊዜና ገንዘብ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሦስት እጩ ምረጡ፣ ለሦስቱም አንድ ዓይነት ከ200 እስከ 300 ቃል የሆነ ጽሑፍ ስጡ፣ ክፈሏቸውም። በነፃ የተጠየቀ ሙከራ ጎበዞቹን ያርቃል። ጽሑፉ ከራሳችሁ ሰነድ የተቆረጠ ይሁን፣ ሆን ተብሎም የሚከተሉት ወጥመዶች ይኑሩበት።

*ቁጥር።* በፋርስኛ የነጥብ ክፍልፋይ በእዝባር ነው የሚጻፈው። «3/5» ማለት ሦስት ነጥብ አምስት ነው እንጂ ሦስት አምስተኛ አይደለም። የ3.5 በመቶ ቅናሽ ሦስት አምስተኛ ሆኖ ቢወጣ 60 በመቶ ይሆናል። «ሚልያርድ» የእንግሊዝኛው «ቢሊየን» ነው፤ ስሙ ስለሚመሳሰል «ሚሊየን» ተብሎ የሚገባበት ጊዜ አለ።

*ገንዘብ።* የኢራን ይፋዊ መገበያያ ሪያል ነው፣ ሕዝቡ ግን ዋጋ የሚጠራው በቶማን ነው፤ 1 ቶማን 10 ሪያል። ቶማኑን ሪያል ብሎ የጻፈ ትርጉም ዋጋውን በአሥር እጥፍ ያሳንሰዋል። በንግግር ደግሞ «50 ቶማን» ሲባል 50 ሺህ ለማለት ሊሆን ይችላል። ጥሩ እጩ እዚህ ላይ ይጠይቃል።

*ዘመን።* የኢራን ዓመት የሚጀምረው በኖውሩዝ፣ በማርች 20 ወይም 21 ነው። የ1403 ዓመታቸው ከማርች 20 ቀን 2024 እስከ ማርች 20 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ነበር። «በ1375 የተመሠረተ» የሚል ድርጅት በአብዛኛው 1996 ነው፤ የተመሠረተው በዓመቱ መጨረሻ ወራት ከሆነ ግን 1997 ይሆናል። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 621 ይደመራል፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ዓመቱ ማብቂያ ደግሞ 622። ወሩን ሳይጠይቅ ያለፈ ሰው ዕድሉን ሞክሯል ማለት ነው።

*ጨዋነት።* ፋርስኛ «ታዓሮፍ» የሚሉት የትሕትና ሥርዓት አለው፣ ማስታወቂያውም በእሱ የተሞላ ነው። ባለሱቅ «ቃቤል ናዳሬ» ሲል ትርጉሙ «ለእርስዎ ምን አላት» ዓይነት ነው፤ ገንዘቡን ግን ይፈልገዋል። ይህ ሐረግ ከምርቱ ጎን ቃል በቃል ሲቀመጥ «ይህ ዕቃ ለእርስዎ አይመጥንም» ይሆናል፣ የራስን ዕቃ መስደብ። «ዳስቴ ሾማ ዳርድ ናኮኔ» ቃል በቃል «እጅዎን አይመምዎ» ነው፤ ለአማርኛ አንባቢ «እጅዎ ይባረክ» ብሎ መመለስ ይቀላል፣ እንግሊዝኛው ግን ከተራ ምስጋና የዘለለ ቦታ የለውም። የሚፈለገው ተርጓሚ ሐረጉ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ምን ሥራ እንደሚሠራ አይቶ፣ ምስጋና ከሆነ ያመሰግናል፣ ጌጥ ብቻ ከሆነ ይጥለዋል። ጥሎ ደግሞ በማስታወሻ ይነግራችኋል።

*ግነት።* «ቢናዚር» (አቻ የሌለው)፣ «ቤህታሪን» (ምርጡ) በፋርስኛ ማስታወቂያ እንደ ሰላምታ ነው የሚታለፈው። በእንግሊዝኛ ሦስቴ ከተደጋገመ አንባቢው ይጠረጥራል። ከዚያም በላይ፣ የአሜሪካው ፌዴራል ትሬድ ኮሚሽንና የብሪታንያው የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ ሊለካ ለሚችል አባባል ማስረጃ ይጠይቃሉ። «ሕመምን ያድናል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲያይ ዝም ብሎ የሚመልስ ተርጓሚ ሥራውን ሠርቷል፤ ቀይ ምልክት አድርጎ የሚልክላችሁ ግን የሚፈለገው ነው።

በወጥመዶቹ ላይ አንድ መፈክር ጨምሩ፣ ሦስት አማራጭም ጠይቁ። እያንዳንዱ አማራጭ ከጎኑ ቃል በቃል የሆነ ትርጉምና አንድ መስመር ምክንያት ይኑረው። የግጥም ስንኝ ወይም ቤት የሚመታ ሐረግ ቢሆን ይበልጥ ጥሩ ነው፤ የፋርስኛ ማስታወቂያ ከጥንት ባለቅኔዎች መዋስ ይወዳልና። እንዲህ ያለው ሥራ ትራንስክሪኤሽን ይባላል፤ ዋጋውም በሰዓት ነው።

ግምገማው በሁለት ሰው ይሁን። አንደኛው ፋርስኛ የማያውቅ፣ የገበያችሁ እንግሊዝኛ አንባቢ፤ ስሞቹን ደብቃችሁ ሦስቱን ስጡትና «ከየትኛው ትገዛለህ? የትኛው ቦታ ላይ ተሰናከልክ?» ብቻ ጠይቁት። ሁለተኛው ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ፤ እሱ ወጥመዶቹን ብቻ ይቁጠር። ሁለተኛው ሰው ዘመድ ወይም የሽያጭ ሠራተኛ ከሆነ ተጠንቀቁ፤ ፋርስኛ ተናጋሪ ገምጋሚ ለዋናው በጣም የቀረበውን ትርጉም የመውደድ ዝንባሌ አለው፣ ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ደካማው ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ፣ ወጥመዶቹን ካለፉት መካከል እንግሊዝኛ አንባቢው የመረጠውን ውሰዱ። የቁጥር ስህተት በእርማት ይስተካከላል፤ የደረቀ እንግሊዝኛን ግን እርማት አያረጥበውም።

የማሽን ትርጉም መሆኑን ለመለየት አንድ ዘዴ፦ ሙከራው ውስጥ «ኡ» የሚለውን ተውላጠ ስም በተከታታይ አራት ዓረፍተ ነገር አስገቡ። ማሽን በአንዱ «ሂ»፣ በሚቀጥለው «ሺ» ብሎ ሊዘበራርቅ ይችላል፤ ሰው ቢያንስ አንዱን ይዞ ይሄዳል፣ ጎበዝ ሰው ደግሞ ይጠይቃል።

6. ዋጋና ውል

ዋጋ በዋናው ቃል ይሁን በትርጉሙ ቃል ቀድሞ ይወሰን። እንግሊዝኛው መስተዋድድና ተውላጠ ስም ስለሚጨምር ብዙ ጊዜ ቃሉ ይበዛል። ሌላ የሚያጨቃጭቅ ነገር ደግሞ አለ፦ በፋርስኛ ግማሽ ክፍተት («ኒምፋሴሌ») የሚባል አለ። ለምሳሌ የ«ሚራቫድ» (ይሄዳል) ክፍሎች «ሚ» እና «ራቫድ» በግማሽ ክፍተት ከተጻፉ ወርድ አንድ ቃል ይቆጥራል፣ በሙሉ ክፍተት ከሆነ ሁለት። ተመሳሳይ ጽሑፍ ሁለት የተለያየ ቁጥር ይሰጣል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ለመገላገል በፋይሉ ላይ ተስማምቶ አንድ ጠቅላላ ዋጋ መቁረጥ ይሻላል፤ ለመፈክርና ለርዕስ ግን የተለየ የሰዓት ዋጋ።

ውሉ ውስጥ ስንት ዙር እርማት እንደሚካተት (ሁለት ይበቃል)፣ የቅጂ መብቱ ሲከፈል ወደ እናንተ እንደሚተላለፍ፣ ያልወጣ ምርት ከሆነ ምሥጢር መጠበቅ፣ ጽሑፉን ወደ ነፃ የማሽን ትርጉም አገልግሎት አለማስገባት በግልጽ ይጻፍ። ከተጻፈ በኋላ ዋናው ጽሑፍ ቢቀየር እንዴት እንደሚከፈልም ይካተት፤ ማስታወቂያ ሳይቀየር የታተመበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል።

ተርጓሚው ኢራን ውስጥ የሚኖር ከሆነ ክፍያውን ከምንም ነገር በፊት አረጋግጡ። ፔይፓል እዚያ አይሠራም፣ የኢራን ባንኮችም በማዕቀብ ምክንያት ከዓለም አቀፉ የስዊፍት ሥርዓት በአብዛኛው ተቆርጠዋል። ድርጅታችሁ አሜሪካ ወይም አውሮፓ የተመዘገበ ከሆነ ሕግ አዋቂ ሳታማክሩ ውል አትፈርሙ። በዘመድ አካውንት ወይም በክሪፕቶ ዞሮ ይከፈል የሚል ሐሳብ ሲመጣ ችግሩ የተርጓሚው ብቻ መሆኑ ያበቃል፤ ተጠያቂው ከፋዩ ነው።

7. ትርጉሙ ሲደርስ

ጽሑፉ ወደ ዲዛይነር ሲሄድ ገጹ ከቀኝ ወደ ግራ የነበረው ይገለበጣል። ቀስቶች፣ «በፊት እና በኋላ» የሚያሳዩ ፎቶዎች፣ የደረጃ ምስሎች ሁሉ አብረው ካልተገለበጡ እንግሊዝኛ አንባቢው መጀመሪያ «በኋላ»ን ያያል፤ ክሬሙ ፊትን ያበላሸ ይመስለዋል። አርማና የሰው ፊት ግን ቦታቸው ቢቀየርም ራሳቸው እንደ መስታወት ምስል አይገለበጡም።

በፋርስኛ የተጻፉ አሃዞች አሁንም ገጹ ላይ ቀርተው እንደሆነ ፈልጉ፤ በምስልና በሰንጠረዥ ውስጥ ይደበቃሉ። ስልክ ቁጥር ላይ መነሻው ዜሮ ወጥቶ የኢራን የአገር መለያ 98 መግባቱን እዩ፤ የቴህራን 021 ከውጭ ሲደወል 98 21 ይሆናል። እያንዳንዱን ቁጥር፣ ቀን፣ ዋጋና ሊንክ ከዋናው ጋር በጣት እየጠቆማችሁ አመሳክሩ፤ ሁለት ሰው ሆኖ አንዱ እያነበበ አንዱ እያየ ቢሆን ይፈጥናል። ከዚያ የተቀናበረውን ገጽ፣ የወርድ ፋይሉን ሳይሆን ገጹን፣ ለተርጓሚው መልሳችሁ ላኩለት። ዲዛይነሩ ቦታ ሲጠበው የቆረጠውን ቃል የሚያይ እሱ ብቻ ነው፤ ለዚህ ንባብ የአንድ ሰዓት ክፍያ ከመጀመሪያው ውሉ ላይ ይያዝለት።